ሬሳው ከቤተ መጻሕፍት፣ ሻዩ ከሳሎን

እንግሊዞች ሰው ሲገደልባቸው አያለቅሱም። ጎረቤቶቼን ማለቴ አይደለም፤ እነሱማ ድመት ስትሞትባቸው እንኳ ዐይናቸው ቀልቶ ይከርማል። የምናገረው ቴሌቪዥን ውስጥ ስላሉት ነው፤ በ1930ዎቹ ስለሚኖሩት፣ ባለ ባርኔጣዎቹ፣ ባለ አርባ ክፍል ቤቶቹ፣ በገዛ ቤታቸው እራት ለመብላት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው አንገታቸው ላይ ቢራቢሮ ስለሚያስሩት። ጠዋት ሠራተኛዋ መጋረጃ ልትገልጥ ትገባና ቤተ መጻሕፍቱ ምንጣፍ ላይ ሬሳ ታገኛለች። አንዴ ትጮኻለች። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። የቤቱ ጌታ ጋዜጣውን ያጥፋል፣ እመቤቲቱ "ለፖሊስ ደውሉ" ትላለች፣ ሻይ ይቀርባል። ድንኳን የለ፣ እድር የለ፣ ደረቱን የሚደቃ የለ። ሬሳው ገና ሳይነሣ ኬክ ይቆረሳል።

ባሏ ከተገደለ ግማሽ ቀን ያልሞላት ሴት ከንፈሯን ቀብታ፣ እግሯን አጣምራ፣ "ልክ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ክፍሌ ሆኜ ደብዳቤ እጽፍ ነበር" ስትል ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኛ አገር ቢሆን መርማሪ ባላስፈለገ፤ ያላለቀሰችውን መያዝ ነው። ችግሩ እዚያ ቤት ያለቀሰ የለም፤ ከጌታው እስከ አትክልተኛው ሁሉንም ልታስር ነው። ሁሉንም ማሰር የሚገባበት ጊዜም አለ፤ በረዶ መንገድ ላይ በያዘው በዚያ ባቡር ውስጥ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። ታሪኩን አበላሸህብኝ የሚል ካለ፣ መጽሐፉ የወጣው በ1934 ነው፤ እስካሁን ያላነበበ ሰው ከእንግዲህም አያነብ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ሟቾቹ ፈረንጆች ስለሆኑ።)

እኔ ለንደን የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜዬ የእነዚህ የድሮ ዘመን የወንጀል ድራማዎች ነው። እወዳቸዋለሁ። መኪናው ያምራል፣ ሰው ኮፍያውን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፣ ነገሩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ገዳዩም ተይዞ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ከቴሌቪዥን ምን ይጠበቃል? ግን ይህችን ደስታዬን በሰላም እንዳጣጥማት የሚተወኝ አልተገኘም፤ ስለዚህ አቤቱታዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አንደኛዋ ተከሳሽ ባለቤቴ ናት። ፊልሙ ተጀምሮ የተዋንያኑ ስም ገና ሲነበብ "ይሄ ነው የገደለው" ትላለች። ማንም ገና አልሞተም። "እንዴት አወቅሽ?" ስላት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይህን የሚያህል ዝነኛ ሰው ሁለት ቃል ተናግሮ ሊሄድ ነው እንዴ የመጣው?" ትለኛለች። ብዙውን ጊዜ ልክ ትሆናለች፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የምትሳሳተው በሰዓት ብቻ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላን እዚህ አገር ኖረን እሷ ዛሬም በአበሻ ሰዓት ነው የምትቆጥረው። ተጠርጣሪው "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨለማ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም" ሲል ከመቀመጫዋ ትነሣለች። "ውሸታም! በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ናት! ያዘው!" ስንት ንጹሕ ሰው በስድስት ሰዓት ልዩነት ሳሎናችን ውስጥ እንደተፈረደበት እግዚአብሔር ይወቀው።

በሁዳዴ ደግሞ ገዳዩን ትታ ገበታውን ትመረምራለች። መርዙ የተጨመረው ሾርባው ውስጥ ይሁን ቡናው ውስጥ እኔ ስጨነቅ፣ እሷ "በዓርብ ቀን ይህን ሁሉ ሥጋ!" ትላለች፤ ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ሲደፋም አታዝንለትም።

ሁለተኛዋ ተከሳሽ የልጅ ልጄ ናት። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ደህና ነው፣ አንቱታ ግን አልተፈጠረባትም። አጠገቤ ትቀመጥና ስልኳን ታወጣለች። ጥቂት ቆይታ "አባባ፣ ሐኪሙ ነው፤ እዚህ ተጽፏል" ትለኛለች። የአጋታ ክሪስቲ መርማሪ ፖይሮ እንኳ ገና ያልደረሰበትን፣ እኔ ከሻይ በፊት ጀምሬ የማደባበትን ሰው በአውራ ጣቷ ይዛ ታስረክበኛለች። ሌላ ቀን ደግሞ "አባባ፣ ለምን ዲኤንኤ አይመረምሩም?" አለችኝ። ልጄ፣ የገዳይ ማንነት በዲኤንኤ መለየት የጀመረው በ1986 ነው፤ እዚሁ እንግሊዝ፣ ሌስተርሸር ውስጥ፣ ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው በተጠረጠረ ወጣት ጉዳይ። የመጀመሪያ ሥራውም ያንን ወጣት ነጻ ማውጣት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ጭንቅላት፣ የጣት አሻራና የሠራተኛዋ ወሬ ነው። ደራሲዎቹ ወደ ድሮ ዘመን የሚሸሹትም ለዚህ ይመስለኛል። በዛሬዋ ለንደን በየምሰሶው ካሜራ ተሰቅሏል፤ ሟቹም ገዳዩም የት እንደዋሉ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ይናገራል፤ ፖይሮ ጢሙን ተቀብቶ ሳይጨርስ ሰውዬው ይያዛል። ታዲያ ቀሪውን አንድ ሰዓት ተኩል ምን ልናይ ነው?

ስለ ፖይሮ ፍርዴን ልስጥ፤ ይግባኝ የለውም። ከዴቪድ ሱሼ ሌላ ማንም መሥራት አልነበረበትም። ሰውየው ከ1989 እስከ 2013 ድረስ ሰባ ክፍል ሠርቶ፣ አጋታ ክሪስቲ ስለ ፖይሮ የጻፈችውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ጨርሶ ነው የተነሣው። ሲጀምር መጻሕፍቱን አንብቦ የፖይሮን ጠባይ በቁጥር ጻፈው፤ ሻዩ ውስጥ ስንት ስኳር እንደሚጨምር ሳይቀር 93 ነጥብ ሆነ፤ ወረቀቱንም ቀረጻ ቦታ ይዞት ይዞር ነበር። ሆዱ በልብሱ ሥር የታሰረ ትራስ ነው። ያቺ አጫጭር አረማመዱ ደግሞ የተገኘችው በመቀመጫው መካከል ሳንቲም ይዞ ሳይጥል መሄድ ተለማምዶ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ያየኝ ሰው ካለ፣ ለእግሬ ሐኪም ያዘዘልኝ እንቅስቃሴ ነው።

ፖይሮን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ሰውየው ስደተኛ ነው። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂየምን ስትወር አገሩን ጥሎ የገባ፣ በአንዲት ባለጸጋ ሴት ደግነት ከነጓደኞቹ የተጠለለ ሰው ነው፤ በ1920 የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ይኸው እስኪያረጅ ድረስ ፈረንሳዊ ይሉታል። "ቤልጂየማዊ!" ይላቸዋል፤ ጢሙ ይቆጣል። እኔም በዚህ ከተማ ያልተባልኩት አገር የለም፤ ሱዳንም፣ ሶማሌም፣ ጃማይካም ተብያለሁ። እሱ ግን ሌባውን ይዞላቸው ስለሚሄድ ይፈሩታል።

መጨረሻ ላይ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። ተጠርጣሪውን ሁሉ ሳሎን ይሰበስባል፣ በሩ ላይ ፖሊስ ያቆማል፣ እሱ መሀል ቆሞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ይህን ጊዜ ባለቤቴ "አውጫጭኝ ተጀመረ" ትላለች። ለዚህስ አመሰግናታለሁ፤ ልክ ነው። አያቶቻችን ከብት ሲሰረቅ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል የአገሩን ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበስቡ ነበር። የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ባላገሩ እርሻው ስለሚጠብቀው የሚያውቀውን ቶሎ ያወጣል። እነዚህ ግን ሥራ የላቸውም፤ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ብራንዲ ይዘው እስከ ሌሊት ሊመረመሩ ዝግጁ ናቸው። ፖይሮም የሚያስረዝመው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሰዓት የሚያስፈልገው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም የለማ።

የፖይሮን ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ። በድራማው ዋይትሄቨን ማንሽንስ የሚሉት ሕንፃ በእውነተኛ ስሙ ፍሎሪን ኮርት ነው፤ ከባርቢካን ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ቻርተርሃውስ አደባባይ ላይ፣ በ1936 የተሠራ፣ ፊቱ መሀል ለመሀል ወደ ውስጥ የታጠፈ። ንጹሕ ነው። እኔ የምኖርበት ሕንፃ ሊፍት የተበላሸ ጊዜ በየፎቁ ቆሜ እያረፍኩ ስወጣ የማስበው ያንን ነው።

እንግዲህ 1936 ካልኩ አይቀር፣ የሆዴን ላውጣ። ይህ ድራማ ጊዜውን ሁሉ እዚያችው ዓመት አካባቢ ላይ አቁሞታል። የፖይሮ ጓደኛ ካፒቴን ሄስቲንግስ ጎልፍ ሲጫወት፣ ጸሐፊው ሚስ ሌመን ደብዳቤ በፊደል ስትደረድር፣ ፖይሮ የአንዲት ሀብታም ሴት የአንገት ጌጥ ጠፋ ብሎ ሲባክን፣ የእኛ ንጉሠ ነገሥት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ስደተኛ ሆነው ለንደን ባቡር ጣቢያ ወርደዋል። ከዚያ ባዝ ከተማ ገብተው ፌርፊልድ የሚባለው ቤት እስከ 1940 ድረስ ተቀመጡ። ባለቤቴ የ1930ዎቹ ትልቅ ቤት በታየ ቁጥር "የጃንሆይ ቤት አይደለም?" ትላለች። አይደለም። እስካሁን አንድም ቀን አልሆነም። ባዝ የቀረው የጃንሆይ ቤት በ1958 ለከተማው በስጦታ ተሰጥቶ የአረጋውያን ማረፊያ ሆነ፤ ሬሳም አልተገኘበትም።

የዚያን ዘመን ትልቁ ወንጀል ግን ከየቤተ መጻሕፍቱ ውጭ ነበር። በታኅሣሥ 1935 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለሙሶሊኒ ሊሰጡ ተስማሙ። ምስጢሩ በፈረንሳይ ጋዜጦች ወጣ፣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሆር ከሥልጣኑ ለቀቀ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እንደገና ሚኒስትር ሆኖ ተመለሰ። ተጠርጣሪው ታወቀ፣ ሰነዱ ተገኘ፣ የሟቿም ስም ይታወቃል፤ ታዲያ ፖይሮ የት ሄዶ ነው? የአንገት ጌጥ ፍለጋ።

ወደ ሌላዋ የክሪስቲ መርማሪ፣ ወደ ሚስ ማርፕል ልሂድ። ለእኔ ጆን ሂክሰን ናት። ክሪስቲ ራሷ በ1940ዎቹ መድረክ ላይ አይታት "አንድ ቀን የኔን ሚስ ማርፕል ትሠሪልኛለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ" የሚል መልእክት ልካላት ነበር። ተስፋው ሲፈጸም ሂክሰን ሰባ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ጀምራ እስከ 1992 ድረስ አሥራ ሁለቱን ታሪኮች ሠራች። እኔ በዚሁ ዕድሜ ቀኑን የማሳልፈው ሪሞት በመፈለግ ነው። ክር እየሠራች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ ገዳዩ አሮጊት ናት ብሎ ይንቃታል፤ ያኔ አለቀለት። ስለ መንደሯ ግን ቅሬታ አለኝ። ሴንት ሜሪ ሚድ ስንት ቤት ይኖራታል? የሚሞተው ሰው ከዚያ ይበልጣል። አንድ ሰው ተነሥቶ "ይህ ቦታ ደግ አይደለም፤ ጠበል ይረጭ" አይልም። የሚለቅም የለም። የቤት ዋጋም ሲቀንስ አልሰማሁም፤ ቢቀንስ ኖሮ እኔ እገዛ ነበር።

ከ2004 ወዲህ የመጡትን ማርፕሎች ግን አልምራቸውም። ተዋናዮቹ ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ ነው፤ ክሪስቲ ሚስ ማርፕልን ያላስገባችባቸውን መጻሕፍት እያነሡ አሮጊቷን እንደ ቤተ ዘመድ ያስገቧታል፤ ሳትጠራ መጥታ ምርመራ ትመራለች። ይባስ ብለው ገዳዩን ራሱን ለወጡት! ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሬሳ የተገኘበትን ታሪክ ከነመጨረሻው አውቀዋለሁ ብዬ፣ ለባለቤቴም ቀድሜ ነግሬያት፣ በልበ ሙሉነት ተቀምጬ ሌላ ሰው ተያዘ። ያን ቀን በቤቴ ውስጥ የነበረኝ ክብር እስካሁን አልተመለሰም። በ2018 ደግሞ ጆን ማልኮቪችን ፖይሮ አደረጉት። ያንን በሰም የሚሾለውን ጢም አንሥተው በምትኩ አገጩ ላይ ጺም አበቀሉበት፤ ድሮ ቄስ ነበር የሚል ታሪክም ፈጠሩለት። ክሪስቲ በ1976 ዐርፋለች፤ ሙት መከራከር አይችልም ብለው ነው።

ቄስ ካነሣሁ፣ እንግሊዞች ምርመራን ከክህነት ጋር ማደባለቅ ይወዳሉ። ፋዘር ብራውን ከ2013 ጀምሮ በቀን ይታያል፤ ደራሲው ቼስተርተን ከጻፈው ዘመን አውጥተው 1950ዎቹ ውስጥ ኮትስዎልድስ መንደር ላይ አስቀመጡት። ደግ ሰው ነው፤ ብስክሌቱን ይነዳል፣ ገዳዩን ንስሐ ግባ ይለዋል፤ እወደዋለሁ። ካምብሪጅ አጠገብ ያለው የግራንትቸስተሩ ቄስ ግን ሌላ ነው። ውስኪ ይጠጣል፣ ጃዝ ይሰማል፣ ልቡ ከአንዲት ባለ ትዳር አይነሣም። ታሪኩን የጻፈው ጄምስ ረንሲ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበሩ ሰው ልጅ ነው፤ የካህናቱን ቤት ከውስጥ ያውቀዋልና ዝም ብያለሁ። ባለቤቴ ግን ዝም አላለችም፤ "ቅዳሴ የሚቀድሰው መቼ ነው?" ትላለች። የእኔ ሰው ካድፌል ነው፤ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን ሽሩዝበሪ ገዳም የሚኖር፣ ቅጠል የሚቀምም መነኩሴ። ዴሬክ ጃኮቢ ሠርቶታል፤ የተቀረጸው ግን ሃንጋሪ ነው። ያን ሁሉ ክፍል የእንግሊዝ ጭቃ ብዬ ስሳብበት የነበረው የማጃር ጭቃ ኖሯል።

ኦክስፎርድን በአጭሩ ልለፈው። ኢንስፔክተር ሞርስ ከ1987 እስከ 2000፣ ቀጥሎ ረዳቱ ሉዊስ፣ ከዚያ የሞርስ ወጣትነት በኢንዴቨር እስከ 2023፤ ሦስት ትውልድ ድራማ ሙሉ ፕሮፌሰሮች ሲገደሉ ኖሩ። ዩኒቨርሲቲው ግን ዛሬም ተማሪ ይቀበላል፤ ወላጅም ልጄ እዚያ ገባልኝ ብሎ ድግስ ይደግሳል። የኢንዴቨሩ ሽማግሌ ኢንስፔክተር ተርስዴይ ሚስቱ በየቀኑ የምትቋጥርለት ሳንድዊች ከሳምንት ሳምንት የማይዛነፍ ነው፤ ሰውየው እንደዚያ ሥርዓት ያለው በመሆኑ ብቻ ድራማውን እወደዋለሁ።

ከሁሉም የማስበልጠው ፎይልን ነው። ከ2002 እስከ 2015 ሃያ ስምንት ክፍል ተሠራ፤ አብዛኛው ሄስቲንግስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል ነው። ማይክል ኪችን የሚሠራው መርማሪ አይናገርም። የከንፈሩን ጥግ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ዐይኑን ያጠባል፣ በቃ። ባለቤቴ "ይሄ ሰውዬ ሆዱን ያመዋል እንዴ?" ትላለች። አያመውም፤ እያሰበ ነው። የአገሬ ሽማግሌዎች ቢያዩት ለዕርቅ ይዘውት ይሄዱ ነበር። በዚያ ጦርነት ሺሕ ሰው በየቀኑ ሲያልቅ አለቆቹ "አንድ ሰው ሞተ ብለህ ምን ታደርቀናለህ?" ይሉታል። እሱ የሚያውቀው ሰው ተገድሏል፣ ገዳይ አለ፣ ይህን ብቻ ነው።

አንዱ ክፍል ላይ ጣልያን በሰኔ 1940 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ታውጃለች። ፎይል የሚወደው ካርሎ የሚባል ጣልያን ምግብ ቤት አለው፤ ጎረቤቶቹ በዚያች ሌሊት ተሰብስበው ያቃጥሉበታል፤ እሱም ከቤቱ ጋር ይሞታል። እኔ የአርበኛ ልጅ ነኝ። አባቴ አምስት ዓመት ጫካ የከረመው ጣልያን ሊያስወጣ ነው። ያ ሽማግሌ ሲሞት ግን መሐረብ ፈለግሁ። ባለቤቴ አየችኝና "አባትህ ይህን ባዩ!" አለችኝ። ካርሎን ማንም አላለቀሰለትም፣ አንድ ሰው ማልቀስ አለበት ብዬ መለስኩላት።

ሌላ ክፍል ደግሞ አለ፤ በ2003 የወጣው። በመስከረም 1940 እንግሊዝ ከአሜሪካ ሃምሳ መርከብ የተቀበለችበት ጊዜ ነው። ገዳዩ ባለጸጋ አሜሪካዊ ነው፤ ጦርነቱ ስለሚፈልገው ፎይል እያወቀ እንዲለቀው ይታዘዛል። ይለቀዋል፤ ግን ጦርነቱ ማለቁ አይቀርም፣ ሲያልቅ እመጣብሃለሁ ይለዋል። ከዚያ ስለዚህ ነገር ዓመታት ሙሉ አንድ ቃል አይነሣም። በ2010 በወጣው ክፍል ጦርነቱ አልቋል፤ ፎይል ሻንጣውን ይዞ ወደ አሜሪካ መርከብ ይሳፈራል፤ የቀረ ሥራ አለኝ ይላል። "ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ወንዝ ሲጎድል ተሻገር" ብዬ ሶፋው ላይ አጨበጨብኩ።

እኔ አዲስ አበባን የለቀቅሁት በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። አብረውኝ የተማሩ ልጆች ማለዳ አስፋልት ላይ ወድቀው ተገኝተዋል። "ማታ የት ነበርክ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው አልነበረም። እናቶች እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1994 ተቀምጦ ብይን የሰጠው በ2006 ነው፤ ስማቸው ያልተጠራም ብዙ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ስለ አንድ ሟች ብሎ ባሕር ሲሻገር ሳይ የልጅ ልጄ ስልኳን ብታስቀምጥልኝ ደስ ይለኛል።

የዛሬዎቹ አዳዲስ ድራማዎች ይህን አያውቁም። መብራት አይበራም፤ ተዋናዩ ጥርሱ ውስጥ ያጉረመርማል፣ ጽሑፍ ከሥር ካልተለቀቀ እንግሊዞቹም አይሰሙትም። ሰው የሚሞተው ክፍል አንድ ላይ ነው፤ ክፍል ስምንት ላይ መርማሪው ስለ ልጅነቱ ያለቅሳል። በመጨረሻ የሚያለቅስ ፈረንጅ ተገኘ ስል ለራሱ ሆኖ አረፈው! ሟቹን ያስታወሰ የለም። ይህንንም ለማየት ለየድርጅቱ ለብቻ ወርኃዊ ክፍያ ይጠየቃል፤ ማርፕል በአንዱ፣ ሞርስ በሌላው፣ የይለፍ ቃሉ በልጄ እጅ።

ነጻ ነው ያሉት ጣቢያ ደግሞ ማስታወቂያው አያድርስ ነው። ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን የሚያየው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ሬሳው በተገኘ በአምስት ደቂቃ አንዲት ፈገግተኛ ሴት ብቅ ብላ "ቀብርዎን ዛሬውኑ በወርኃዊ ክፍያ ያዘጋጁ፤ ቤተሰብዎን አያስቸግሩ" ትለኛለች። "እድር አለኝ!" ብዬ እጮኽባታለሁ። ቀጥሎ ደረጃ ላይ ሽማግሌ ተቀምጦበት የሚወጣ ወንበር ይመጣል። ቀጥሎ የመርከብ ሽርሽር፤ ፖይሮ መርከብ ላይ ስንት ሰው እንደተገደለ ሲያሳየን ከርሞ በዚያው መሀል ትኬት ግዙ ይሉናል። ለቴሌቪዥን ፈቃዱም እከፍላለሁ። ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ከዚህ ክፍያ ነጻ ነበር፤ በ2020 ያን አነሡትና የጡረታ ድጎማ ለሚያገኙ ብቻ ተዉት። በ2025 ዋጋው 174 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ደረሰ። በዚህ ገንዘብ ማልኮቪችን ነው ያሳዩኝ።

ልመናዬ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ነው። ዛሬ ማታ በአበሻ በሁለት ሰዓት ፎይል አለ። እስከ አራት ሰዓት አትደውሉልኝ። የደወለ ሰው ቢኖር እንኳ ባለቤቴ ታንሣው፤ እሷ ገዳዩን ስለምታውቅ ጊዜ አላት።